የሂናው ማግስት

ላላ ሃሉማ የጠዋት ሱረቷን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ በሩ ተደበደበ። ሰፈሩ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሽንኩርት የምትለምን ጎረቤት መስላት እያጉረመረመች ከፈተች። ደጃፉ ላይ የቆመው ግን የሰፈሩ ሹም ሼኽ ቲጃኒ ነበር። ቀይ ቆቡ ተንጋዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«ላላ ሃሉማ፣ ሲ መኑቢ ተገደለ።»

«የትኛው መኑቢ? ሐር ነጋዴው?»

«እሱው። ትናንት በልጁ የሠርግ ሂና ማታ፣ በገዛ ቤቱ፤ ከማግሪብ ወዲህ በሕይወት ያየው የለም። ሬሳው የተገኘው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው።»

«ኢና ሊላሂ! ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ፖሊስ ጥራ እንጂ።»

«የቱን ፖሊስ? መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የፈረንሳይ ወታደር ነው። መቶ አለቃውን ሄጄ ለመንኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከሰዓት በኋላ፣ በአስር ሰላት ሰፈሩን እከፍታለሁ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ገዳዩን በሩ ላይ አቁምልኝ። አለዚያ በቤቱ ያለውን ወንድ ሁሉ ጭኜ እሄዳለሁ።›»

«ገዳዩ ታውቋል?»

«ዘበኛው ፈርጃኒ ነው አሉ። ስሙን ጽፌ ሰጥቻለሁ።» ሼኹ መሬት መሬት ያይ ጀመር። «ግን ላላ፣ ፈርጃኒን ሃያ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ድመት ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ወታደሮቹ ከወሰዱት ደግሞ አለቀለት። ባለፈው ሳምንት ከወሰዷቸው ማን ተመለሰ?»

ሼኽ ቲጃኒ ወደ እሷ የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ላላ ሃሉማ በቱኒስ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ዓሪፋ ሆና የሠራች ሴት ናት። ቃዲው ወንድ በመሆኑ ሊረግጠው የማይችለውን የሴቶች ክፍል እሷ ገብታ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ያየችውን ወጥታ ትመሰክራለች። ስንት የተደበቀ እርግዝና፣ ስንት የሐሰት ቁስል እንዳጋለጠች ቆጥራ አትጨርሰውም። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች። ዓይኗ ግን አያለከልክም።

ሱረቷን ሳበች፣ ሁለት ጊዜ አነጠሰች፣ ነጭ መከናነቢያዋን አንስታ ወጣች።

የሲ መኑቢ ቤት እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ውስጥ ግቢው ያዞረ ነው። አንድ በር ብቻ አለው። ወታደሮቹ ከማግሪብ እስከ ንጋት በሩን የከፈተ ይተኮስበታል ብለው ስለነበር ፈርጃኒ በጊዜ ቆልፎታል። ስለዚህ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን አሁንም እዚያው ግድግዳ ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ለዚህም ነው ግቢው ውስጥ ማንም የማንንም ዓይን የማያየው።

የሟቹ ልጅ ናስር ወደ ላይኛዋ ትንሽ ክፍል መራት። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፣ አንደበቱ ግን ከወዲሁ የቤት ጌታ ሆኗል።

«ገና አልታጠበም?» አለች ላላ ሃሉማ ደረጃው ላይ እያለከለከች።

«ውሃው እየሞቀ ነው።»

«ይቆይ።»

ሲ መኑቢ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ግንባሩ ጎን በከባድ ነገር ተመትቷል፤ የነሐስ መቅረዙ አጠገቡ ወድቋል። ከወዲያ በኩል የሳንቲም ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ ተቀምጧል። ሳንቲሞቹ እያንዳንዳቸው በጥጥ ጎጇቸው ተኝተዋል። የመሃለኛው ጎጆ ብቻ ባዶ ነው።

«ያችኛዋ ናት የጠፋችው?»

«አዎ። የአያቴ አባት ከቤዩ እጅ የተቀበላት።»

ያቺን ሳንቲም በሰፈሩ የማያውቃት አልነበረም፤ ያያት ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዮች «በጥበቃችን ሥር ናችሁ» ባሉን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመታች የብር ሳንቲም ናት፤ በአንድ ፊቷ የአገሩ ገዥ የቤዩ ስም በእኛ ፊደል፣ በሌላው ዋጋዋ በእነሱ ፊደል። በዚያ ዓመት ለቤተ መንግሥት ሰዎች ብቻ ጥቂት ተመትተው ቀሩ ይባላል። ሲ መኑቢ ጤንነቱን ሲጠይቁት እንኳ ስለ እሷ ሳያወራ አያልፍም ነበር።

ላላ ሃሉማ ግን ሳጥኑን ትታ ተንበረከከችና የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳች። ጣቶቹ ላይ አረንጓዴ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሥሩ ቆዳው ብርቱካናማ ሆኗል። አሸተተችው። ሂና ነው፣ በጽጌረዳ ውሃ የተለወሰ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ያለው ግን ገና እርጥብ ሳለ በአንድ ነገር ላይ ተጠርጓል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ነጣ ያለች የሐር ክር አገኘች፤ በመሃረቧ ቋጠረቻት።

«አባትህ ሂና ለመያዝ ሴቶቹ ጋ ይገባ ነበር?»

ናስር ሳይወድ ፈገግ አለ። «አባቴ? ሴቶቹ ሲዘፍኑ ጆሮውን በጥጥ የሚደፍን ሰው!»

«ሳንቲሟን ማን አገኛት?»

«አጎቴ፣ አሚ ማህጁብ ‹ከዚህ ቤት የወጣ የለም፤ ያለነው አራት ወንዶች ነን፤ ዕቃችን ይፈተሽ› አለ። ፈተሽን። በፈርጃኒ የመኝታ ጥቅልል ውስጥ ከካልሲው ጋር ተጠቅልላ ተገኘች። አሁን ሼኽ ቲጃኒ ኪስ ውስጥ ናት።»

«አንተ በማግሪብ የት ነበርክ?»

«ሰገነት ላይ። ወታደሮቹን እያየሁ፣ እየተቃጠልኩ። ሠርጉ ይቅር ብዬው ነበር፤ ‹ለፈረንሳይ ወታደር ብዬ የልጄን ሂና አላቋርጥም› አለኝ። ተጨቃጨቅን። በዚህ ከጠረጠሩኝ ይጠርጥሩኝ።»

«ስትጠረጠር እነግርሃለሁ። ሳንቲሟ ከዚህ ቤት ወጥታ ታውቃለች?»

«አንዴ። ባለፈው ወር የብር ማቀፊያ ሊያሠራላት ፈልጎ አሚ ማህጁብ ለልኬት ብር ሠሪዎቹ ጋ ወስዷት ነበር፤ ከሰዓት በኋላውን እዚያ ቆይቶ መለሳት። አለዚያ ቁልፉ ከአባቴ አንገት ወርዶ አያውቅም።»

ቁልፉ አሁን ሳጥኑ ላይ መሆኑን ላላ ሃሉማ በዓይኗ አሳየችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሲ ማህጁብ መግቢያው ክፍል ውስጥ፣ ቡናማ በርኖስ ካባውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ተቀምጧል። ለስላሳ ድምፅ ያለው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። አግብቶ አያውቅም፤ ሚስት ባጨ ቁጥር ወንድሙ እንከን ያወጣላት ነበር።

«አላህ ያጽናህ፣ ሲ ማህጁብ። እዚህ ነው እንዴ የምትተኛው?»

«ክፍሌን ለሙሽራዋ ጥሎሽ ለቅቄ። ሳጥኔም ልብሴም እዚያው ሴቶቹ ጋ ቀረ። የገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ» አለና ሳቅ ቢጤ አሳየ።

«ወንድምህ ጥሩ ሰው ነበር?»

«እንደ አባት ነበር። ትናንት እንኳ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ አስፈቅጄዋለሁ።»

«ፈቀደልህ?»

«መንገዱ ተዘግቶ እንዴት ይፈቅዳል?»

«መንገዱ ሳይዘጋስ?»

«ያኔም አይፈቅድም ነበር» አለ። በማግሪብ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይሰግድ እንደነበር፣ ከበሮውና እልልታው ሌላ ድምፅ እንዳላሰማው ነገራት። የሰውየው ነገር ላላ ሃሉማን አሳዘናት፤ ያዘናችለትን ሰው ደግሞ ደጋግማ የማየት ልማድ አላት።

አራተኛው ወንድ ማልታዊው ሙሴ ካሩዋና ነበር፤ አሮጌ ሳንቲም እየገዛ የሚሸጥ፣ ከእኛ ጋር ተወልዶ ያደገ፣ ከእኛ በላይ የሚሳደብ ሽማግሌ። የሠርግ ስጦታ ሊያደርስ መጥቶ ወታደሮቹ በዚያው ቆልፈውበታል። ካፖርቱን እንደለበሰ በጉንፋን ይነፋረቃል።

«ላላ፣ እኔ ገድዬ ቢሆን ኖሮ እዚህ ሽንት ቤት ሰልፍ እጠብቃለሁ?»

«ወዴት ትሄዳለህ? በሩ ዝግ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ!» አለና ተናፈጠ። «ያቺን ሳንቲም አሥር ዓመት ለምኜዋለሁ። ከሁለት ወር በፊት ብሯ ንጹህ መሆኑን ላይ ብዬ ጠርዟን በሞረድ እንደ ፀጉር ቀጭን ነካኋት። የልጁን ጣት የቆረጥኩ ያህል ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ አላስነካኝም። ሼኹ ኪስ ውስጥ ያለችውን አሳዩኝ ብል እንኳ እምቢ አሉኝ።»

«ታያታለህ። ሞረድህን ብቻ እንዳታወጣ።»

ፈርጃኒን ከሰል ማኖሪያው ውስጥ እጁ የኋሊት ታስሮ አገኘችው። ስልሳ የተጠጋ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ስታየው ሊነሳላት ሞከረና አቃተው።

«ተቀመጥ፣ ፈርጃኒ። ሳንቲሟን ከየት አመጣሃት?»

«ወላሂ አይቻት አላውቅም፣ ላላ። ሰው ሁሉ ሲያወራላት እሰማለሁ፤ እኔ ምን እንደምትመስልም አላውቅ። ጥቅልሌ በሩ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ይደርስበታል።»

«ማታ በሩን የከፈተ አለ?»

«የለም። ቆለፍኩ፣ ቁልፉን እንደ ወትሮው ለሲ መኑቢ ሰጠሁ፣ ቁጭ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አትጮህም፣ አንተ ሰው?»

«ብጮህ ማን ይሰማኛል? ሲ ናስርን ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት በትከሻዬ ነው የማመላልሰው። ያሰረኝ እሱ ራሱ ነው።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ «ላላ፣ ለአስር ሰላት ስንት ሰዓት ቀረው?»

ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶት ነበር። «ብዙ» ብላ ዋሽታው ወጣች።

ሴቶቹ ጋ ስትገባ የሟቹ እህት ላላ በያ ጉንጯን ቧጥጣ ደም አድርጋዋለች። ሂና አሳሪዋ መናና ጥግ ላይ ታነባለች። ሙሽራዋ ዱጃ ግን አታለቅስም። በሠርግ ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉያዋ ውስጥ ቀብራ ግድግዳ ታያለች። ላላ ሃሉማ አጠገቧ ተቀመጠችና እጆቿን ቀስ ብላ አወጣቻቸው። የግራው መዳፍ ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል። የቀኙም ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ ግን ሂና ያልነካው ነጭ ክብ ቀርቷል።

በቱኒስ ቤቶች የሙሽራው እናት የወርቅ ሳንቲም በሙሽራዋ ቀኝ መዳፍ ላይ ታስቀምጣለች፣ በላዩ ሂናው ይለጠፋል፣ እጁ እስከ ንጋት በጨርቅ ይታሰራል። ይህን ማንኛዋም ሴት ታውቃለች። ወንዶች ደግሞ የሚያውቁት እልልታውን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ የባልሽ እናት ሰፈሩ ተዘግቶባት ከውጭ ቀርታለች። ወርቁን ማን አመጣ?»

«ወርቅ አልነበረም» አለች ዱጃ። «አባባ መጣ።»

«እዚህ? ሴቶቹ መሃል?»

«ዓይኑን ጨፍኖ!» አለች መናና በእንባዋ መሃል። «ወንበር እየገጨ ገባ። ሁላችን ፊታችንን ሸፈንን። ‹የልጄ መዳፍ ባዶውን አይታሰርም› አለ። በገዛ ጣቱ ሳንቲሟን አድርጎ ሂናውን ለጠፈበት። እኔ ጨርቁን አሰርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ግንባሬን ሳመኝና ወጣ» አለች ዱጃ። «‹ለወንዶቹ እንዳትነግሪ፣ መኑቢ ጃጀ ይሉኛል› አለኝ። ዳግመኛ አላየሁትም።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

«ሳንቲሟ የት ናት?»

ሙሽራዋ እጇን ደረቷ ውስጥ አስገብታ አወጣችና ላላ ሃሉማ መዳፍ ላይ አኖረቻት። በአንድ ፊቷ የቤዩ ስም፣ በሌላው የፈረንሳዮቹ ፊደል። ሂናው ፊደሎቹ መሃል ደርቋል።

«ልጄ፣ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ዱጃ። «‹ሌባው ተይዟል፣ እናንተ አልቅሱ› አሉን። ምን እንደሰረቀ እንኳ የነገረን የለም።»

ላላ ሃሉማ ብዙ ጊዜ በሥራዋ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ደስ አላላትም።

ለአስር ሰላት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሁሉንም ታችኛው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በዚያ የጥር ብርድ ሁለት የከሰል ማንደጃ ይነድ ነበር፤ ሦስተኛ አስጨመረች፣ መስኮቱንም አስዘጋች። ፈርጃኒ እንደታሰረ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲያ ነበሩ።

«ሼኽ ቲጃኒ፣ ኪስህ ያለችውን ሳንቲም ለሙሴ ካሩዋና ስጥልኝ።»

ማልታዊው ተቀበላት፣ መዘናት፣ እብነ በረዱ ላይ ጣላት። እንደ ቁልፍ ጠቅ ብላ ዝም አለች። ፊቱ ተለወጠ። «ይቺ ቆርቆሮ ናት! እርሳስና ቆርቆሮ አቅልጠው በብር ለብጠዋታል።»

«እንግዲያው ይቺስ?» ላላ ሃሉማ ሁለተኛዋን ዘረጋችለት። ስትወድቅ አዳራሹን በሙሉ የሞላ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። ካሩዋና ቆቡን አወለቀ።

«እሷ ናት። ይኸው የሞረዴ ምልክት።»

«የቆርቆሮዋስ ጠርዝ ምልክት አለው?»

ሽማግሌው ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየ። «አለው። እዚያው ቦታ፣ ያችው ጭረት። ግን የተሞረደ አይደለም፤ ከቅርጹ ጋር አብሮ የተቀዳ ነው።»

«ሁለት ሳንቲም?» አለ ናስር። «እውነተኛዋ የት ነበረች?»

«ዱጃ፣ እጅሽን።»

መጋረጃው ተነቃነቀና የሙሽራዋ ቀኝ እጅ ብቻውን ወጣ። ተዘረጋ። በጠቆረው መዳፍ መሃል ያለው ነጭ ክብ ከሁሉም ዓይን ፊት ቆመ። ላላ ሃሉማ ሳንቲሟን ላዩ ላይ አኖረቻት፤ ልክክ አለች።

«አባትሽ ትናንት በማግሪብ እዚህ አኖራት፤ እስከ ዛሬ ንጋት በጨርቅ ታስራ ነበር። ስለዚህ ማንም አልሰረቃትም። ልብ በሉ፦ ያልተሰረቀ ዕቃ ሌባ እጅ ሊገኝ አይችልም። ቅጂዋን ፈርጃኒ ጥቅልል ውስጥ የከተተው ሰው ትክክለኛዋ የት እንደነበረች አላወቀም። ሴቶቹ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ሴት አይደለም። ወንድ ነው፣ ያውም ቅጂ አሠርቶ ቀን ሲጠብቅ የኖረ ወንድ።»

ሙቀቱ እየከበደ ነበር። ካሩዋና ካፖርቱን አወለቀ። ናስር ጃኬቱን ጣለ፤ ሥሩ ለሂናው ቀን የለበሰው ነጣ ያለ የሐር ቀሚስ ነበር። ሼኹ አንገቱን አላላ።

«ቅጂዋ የሙሴን ጭረት ይዛለች፤ ስለዚህ የተቀዳችው ባለፉት ሁለት ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳንቲሟ ከሲ መኑቢ ዓይን የራቀችው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው፣ ለማቀፊያ ልኬት ብር ሠሪዎቹ ጋ በሄደች ጊዜ። ትናንት ሲ መኑቢ የልጁ መዳፍ ባዶ ሊታሰር ነው ሲባል ቸኩሎ ሳጥኑን እንደከፈተ ትቶ ወረደ። ሰውየው ይህን አየና ቅጂውን ይዞ ሊለውጥ ወጣ። ጎጆው ግን ባዶ ነው። ሲዞር ሲ መኑቢ በሩ ላይ ቆሟል፣ ጣቱ በእርጥብ ሂና ተለውሶ። ሲ መኑቢ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ክሩ ጥፍሩ ሥር ቀርቷል፣ ሂናውም የሰውየው ልብስ ላይ ቀርቷል። ሂና ደግሞ ከሐር አይለቅም።»

ወደ ሲ ማህጁብ ዞረች። ላብ ከግንባሩ እየወረደ በበርኖሱ አንገት ይገባ ነበር።

«ልብስህ ሴቶቹ ጋ ነው፤ ልትቀይር አልቻልክም። ሲ ማህጁብ፣ ሞቋል። በርኖስህን አውልቅ።»

ሲ ማህጁብ የበርኖሱን ቁልፍ ፈታ። በነጩ ሐር ላይ፣ ልክ ልቡ ጋ፣ አንድ አውራ ጣትና አንድ ሌባ ጣት ብርቱካናማ ሆነው ታትመዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ላላ በያ «ወንድሜ!» ብላ ጮኸች፤ የትኛውን ወንድሟን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።

«መግደል አላሰብኩም» አለ ሲ ማህጁብ። «ሸጬያት ቢዘርት ከተማ ሁለት ክፍል ቤት ልይዝ ነበር፤ ቁልፉ የራሴ የሆነ። ‹አንተ ሌባ፣ ሂድ ክፍልህ ግባ› አለኝ። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ። ‹ክፍሌን እንኳ ወስደኸዋል› አልኩት። ከዚያ መቅረዙ እጄ ውስጥ ነበር።»

«ፈርጃኒስ ምን አደረገህ?» አለች ላላ ሃሉማ።

«ምንም። አንድ ሰው መያዝ ነበረበት።»

ናስር ከቦታው ተነሳ። ሲናገር ድምፁ ረግቷል።

«አሚ ማህጁብ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ምን?» አለ ሼኹ።

«የአባቴን ደም አጎቴ አፈሰሰው ተብሎ ነገ ገበያ ላይ አይወራም። እህቴንስ ከእንግዲህ ማን ያገባታል? የፈርጃኒ ስም ተጽፏል፣ ሳንቲም ተገኝቷል። ፈርጃኒ ይሂድ። እሱ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።»

ፈርጃኒ እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ቀና ብሎ ናስርን አየው፤ ናስር አላየውም።

«አንተስ አሚ፣ ክፍልህ ትገባለህ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ አትወጣም። ምግብህ ይመጣልሃል።»

«ናስር፣ አላህን ፍራ!» ብላ ላላ ሃሉማ ጮኸች። ሠላሳ ዓመት ቃሏ ቃዲ ፊት የቆመ ሴት ናት፤ ለመቶ አለቃው ግን ቃሏ የአሮጊት ወሬ ነው፣ ሂና ምን እንደሆነም አያውቅ። መላ እንዳጣች ተረዳች፤ እውነቱ እጇ ላይ ነው፣ የምታደርስበት ግን የለም። ወደ ሲ ማህጁብ ተጠጋች። «ስማኝ። እኔ ላስጥለው አልችልም። ማስጣል የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።»

የውጭው በር በጠመንጃ ሰደፍ ተደበደበ። ሼኽ ቲጃኒ ሮጦ ከፈተ። መቶ አለቃው ሁለት ወታደር አስከትሎ ደፉ ላይ ቆመ፣ ወረቀቱን እያየ የፈርጃኒን ስም እንደምንም አነበበ። ፈርጃኒ በግድግዳው እየተደገፈ ተነሳ።

ሲ ማህጁብም ተነሳ። ናስር ክንዱን ያዘው።

«የት ነው?»

«ወደ ውጭ» አለ ሲ ማህጁብ። «አላስፈቀድኩህም።»

ክንዱን አላቀቀና በርኖሱን እዚያው ጥሎ ግቢውን አቋረጠ። መቶ አለቃው ፊት ቆሞ በፈረንሳይኛ «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ያ ሰውዬ ምንም አያውቅም» አለው። መቶ አለቃው የደረቱን ቀለም፣ ከዚያም ፊቱን አየ፤ ትከሻውን ሰብቆ ለወታደሮቹ ምልክት ሰጠ። ሼኽ ቲጃኒ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሰረዘ። መኪናው ሲ ማህጁብን ጭኖ ሄደ።

ላላ ሃሉማ የፈርጃኒን ገመድ ራሷ ፈታች። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር ጥርሷን ሁሉ ተጠቀመች። እሱ የእጁን አንጓ እያሸ ጥቅልሉን ከበሩ ሥር አንስቶ በብብቱ ያዘ።

«ፈርጃኒ» አለ ናስር፣ ምንጣፉን እያየ። «ብርድ ገባ። በሩን ዝጋው።»

ፈርጃኒ ደፉ ላይ ቆሞ ዞረ። ናስር ጢም ካወጣ ጀምሮ ፈርጃኒ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብሎት አያውቅም።

«አንተ ዝጋው» አለው።

ከዚያ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ሄደ።